የታሸገ ጉድጓድ፣ የተነቀለ በር

እኔ ግትር ነኝ። እናቴ ትለው ነበር፣ ባለቤቴም ይለዋል፣ አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። አንድ ነገር ልክ አይደለም ብዬ ካመንኩ በገመድ ቢጎትቱኝ ንቅንቅ አልልም። በዚህ ጠባዬ ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ፤ ከሥራ ልባረር የደረስኩበት ጊዜም አለ። አንድ ጊዜ ግን፣ በደርግ ዘመን፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጎድጓዳ ቦታ፣ ይኸው ግትርነቴ ለሰው ሲጠቅም በዓይኔ አይቻለሁ።

ያኔ የውሃ ጉድጓድ በሚቆፍር ቡድን ውስጥ ቴክኒሻን ነበርኩ። ከቡድኑ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። የቴክኒክ ትምህርቴን ጨርሼ የተመደብኩ ዕለት ወንዶቹ ወጥ ልትሠራልን መጣች ብለው አንድ እቅፍ ሽንኩርት ሰጡኝ። ሽንኩርቱን ተቀብዬ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩና ትልቁን የቧንቧ መፍቻ አንስቼ ወደ ሥራው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሜቴ መፍቻ» ይሉኝ ጀመር። እኔም ስሙን ወደድኩት።

ከኮምቦልቻ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ኮረብቶች ዙሪያውን የከበቡት እንደ ገበቴ የጎደጎደ ቦታ አለ። ለአካባቢው ገበሬዎች የመጠጥ ውሃ እንድናወጣ የተላክነው እዚያ ነው። ከጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ስንቆፍር ከርመን አንድ ቀን ውሃ አገኘን ብለን ስናጨበጭብ፣ ውሃው አረፋ እየደፈቀ ወጣ። ቀመስኩት፤ ኮምጠጥ ይላል፣ ምላስ ይቆነጥጣል። ከዚያ ውሃው እየቀነሰ ሄደና ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ብቻ ሆነ። አለቃችን ፊቱ ተለዋወጠ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ከጥልቅ አለት ሥር ታምቆ የኖረ፣ እኛ መንገድ የከፈትንለት።

ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከአየር ይከብዳል፤ ነፋስ ከሌለ እንደ ውሃ ዝቅ ወዳለው ይወርድና እዚያው ይተኛል። ከጎድጓዳው እታች፣ ዝቅ ካለው ቦታ ላይ፣ አንድ ቤት ነበር።

የቤቱ ባለቤት ጢማቸው የነጣ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ቆባቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እላቸው ነበር። ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው፤ እሳቸውም እዚያው ተወልደው እዚያው አርጅተዋል። ጋዙ በወጣ ማግስት ባለቤታቸው፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ማለዳ ተነሥተው እሳት ሊያያይዙ ቢሉ እሳቱ እምቢ አለ። ክብሪት ይጭራሉ፣ ይጠፋል። ጎንበስ ብለው እፍ ሲሉ ራሳቸውን አዞራቸው። አባባ ጎትተው አወጧቸው። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ የነበሩት ሲተርፉ መሬት የወረዱት ሁሉ ሞተው ተገኙ።

አለቃችን ወዲያው ከጎድጓዳው ውጡ አላቸው። ወጡ። ሲወጡ ግን አባባ የቤታቸውን በር ነቅለው ተሸክመው ነው የወጡት። ወፍራም የሳንቃ በር ነው፣ ከላይና ከታች ባለው እንጨት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚዞር ዓይነት። ኮረብታው ጎን ላይ ካለ ግራር ሥር ወስደው አቆሙት፤ በላዩ ሸራ ጣል አደረጉበትና ከሥሩ ተጠለሉ። ታች ቤቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። በዙሪያው የደረሰ ማሽላ ቆሞ ወፍ ይጫወትበት ነበር፤ እማማ ከላይ ሆነው ወፎቹን ይሳደባሉ፣ ወፎቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ።

ነገሩን ያከበደው ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ የመንደር ምስረታ ሥራ ተጀምሮ ነበር። የአካባቢው ሥራ ኃላፊ አንድ ወጣት ካድሬ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የታዘዘውን ቶሎ ለመጨረስ የቸኮለ ነው እንጂ። ጋዙን ሲሰማ ነገሩ ቀለለው።

«ቦታው አደገኛ ነው ከተባለ ምን እንጠብቃለን? ሽማግሌው ወደ አዲሱ መንደር ይዛወሩ» አለ።

አዲሱ መንደር ሩቅ ነው። አባባ እዚያ ከወረዱ ማሽላውም ቤቱም የአባታቸውም መሬት ቀረ ማለት ነው። አለቃችን እንዲህ ሲል መለሰለት፦ ጉድጓዱን በሲሚንቶ እናሽገዋለን፤ ማሸጊያው መያዙ በግፊት ፍተሻ ከተረጋገጠ ቦታው ነፃ ነው ብዬ እፈርማለሁ፤ ካልያዘ ግን አልፈርምም፣ ሰው እዚያ አይኖርም። ካድሬውም በዚህ ተስማማ። እንግዲህ የሁለት ሽማግሌዎች ዕድሜ ሙሉ ኑሮ በአንድ ጉድጓድ መያዝና አለመያዝ ላይ ወደቀ።

ጉድጓዱን ከሥር አሸግነው፤ ሲሚንቶው እስኪጠነክር ጠበቅን። ጋዙ ተቋረጠ። በርበሬ የሚያህል ነበልባል ያለው ኩራዝ ይዘን ወደ ቤቱ ወርደን ወለሉ ላይ አስቀመጥነው፤ ሳይጠፋ ነደደ። እማማ ያኔውኑ በሩን ይዘው ሊወርዱ ነበር። አለቃችን ግን እምቢ አለ። ዛሬ የያዘ ነገር ነገ ሊለቅ ይችላል፣ ሌሊት ተኝታችሁ ቢለቅስ አላቸው። እውነቱን ነው።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ከሲሚንቶው በላይ ያለውን የብረት ቧንቧ በቦቴ ባመጣነው ንጹህ ውሃ እንሞላዋለን። አፉን በብረት መክደኛ እናጠብቃለን። መክደኛው ላይ የግፊት መለኪያ አለ፣ የሰዓት ፊት የመሰለ፣ አንድ ጠቋሚ ያለው። ከጎኑ ደግሞ አየርና ውሃ የምናስወጣባት ትንሽ ቧንቧ አለች። በእጅ ፓምፕ ውሃ እየጨመርን ግፊቱን ከፍ እናደርግና ሁሉንም ዘግተን እንተወዋለን። ጠቋሚው ከጠዋት እስከ ማታ ባለበት ከቆመ ማሸጊያው ይዟል። ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

የመጀመሪያውን ቀን በማለዳ ጀመርን። ጠቋሚው እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆመ። ረፋዱ ላይም እንደቆመ ነው። ዘበኛ ካልኩ አይቀር፣ እውነተኛው ዘበኛችን አባባ ነበሩ። መሬቱ የሳቸው ነው፣ ነገሩም የሳቸው ነው በማለት አለቃችን ለዕለት ጥበቃ ቀጥሯቸዋል። እኩለ ቀን ሲሆን ለእሳቸው አደራ ብለን ምሳ ለመብላት በመኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ስንመለስ ጠቋሚው ወርዷል።

«አፍስሷል» አለ አለቃችን።

«አላፈሰሰም» አልኩት።

«ዓይን የለሽም እንዴ? የት እንደደረሰ እያየሽ!»

«እያየሁ ነው። አንድ ቦታ መቆሙን ነው የማየው። የሚያፈስ ነገር መሐል መንገድ ላይ ቆም ብሎ ያርፋል እንዴ?»

 እስከ ማታ አብረን ጠበቅን፤ ጠቋሚው ከወረደበት ቦታ ወዲያ አልተነቃነቀም። አለቃችን የተማረና ቅን ሰው ነው፤ ያልኩት ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። ግን ሪጉ፣ መቆፈሪያ ማሽኑ፣ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፣ ውሃ የሚጠብቅ ሌላ ሕዝብ አለ፤ ከበላይ በየቀኑ መቼ ትነሣላችሁ ይሉታል። መክደኛው ሥር ያለው ላስቲክ ይሆናል፣ ቀይሪውና አንድ ጊዜ ደግመን እንይ አለኝ። ሌላ ጊዜ የለም ሲልም ጨመረ።

ላስቲኩን ለመግዛት በዚያው ማታ በእቃ መኪና የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ሆጤ ሰፈር ቤታችን ስደርስ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። እኛ ጴንጤ ነን፤ ያን ጊዜ የምናመልክበት ቤት ታሽጎ ነበር። አባቴ በጓዳ ሆኖ፣ ድምፁን አፍኖ፣ ከጎረቤት ጆሮ እየሸሸ ይጸልያል። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፁ ወፍራም የነበረ ሰው እንደ ሌባ ሲያንሾካሹክ መስማት አንጀቴን ይበላው ነበር። እህቴ ደግሞ ለሠርግ ብላ ጥፍሯን ቀይ ኩቴክስ እየቀባች ነው። ጠርሙሷን አየሁና አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ይህን አበድሪኝ።»

«አንቺ? ጥፍርሽን ልትቀቢ? ጥፍርሽ ላይ ያለው ግራሶ መቼ ወጣና!»

«ለጥፍሬ አይደለም።»

በማግስቱ ፒያሳ ላይ ሱቅ እስኪከፈት ቆሜ ላስቲኩንና የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠም ቃጫ ገዝቼ ወረድኩ። ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ መልሼ አጠበቅኳቸው። ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ውሎ አመሸ፤ ፍተሻው ለሚቀጥለው ቀን ሆነ። በነጋታው ግፊቱን ሞላንና ዘጋን። እኔም ከኪሴ ኩቴክሱን አውጥቼ ጠቋሚው በቆመበት ልክ መስታወቱ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመርኩ። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። «እሜቴ መፍቻ ጉድጓዱን ልትድረው ነው!» አሉ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ኑ እንሂድ ሲሉኝ አልሄድም አልኩ። ቆሎ አለኝ፣ እዚሁ እቆያለሁ። ዛሬ ይህ ጠቋሚ ከወረደ ሲወርድ ዓይኔ እያየ ነው የሚወርደው። ከመክደኛው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አፈጠጥኩበት። መኪናው ሄደ፤ ቦታው ጭር አለ፤ ከታች የወፎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጠቋሚው ከቀዩ መስመር ላይ ነው።

አባባ ከግራሩ ሥር ተነሥተው መጡ። ማንቆርቆሪያ ይዘዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ምሳ አልሄድሽም እንዴ ልጄ?»

«አለይኩም ሰላም አባባ። አልራበኝም።»

«ኧረ ብዪ! ሥራ በባዶ ሆድ ምን ይሆናል» አሉና ከጎኔ አልፈው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ያችን ትንሽ ቧንቧ ከፈቷት።

ውሃው ፊጭ አለ። እኔም ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ቃል የነበረው አይመስለኝም። አባባ ደንግጠው ቧንቧዋን ዘጉ። ማንቆርቆሪያው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጠቋሚው ግን ከቀዩ መስመር ወርዶ፣ ያለፈው ጊዜ ካረፈበት ቦታ አካባቢ ሄዶ ቁጭ ብሏል።

«ምነው? እባብ ነው?» አሉኝ ዙሪያቸውን እያዩ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ውዱእ ላደርግ፣ ልታጠብ ነዋ! የዙሁር ሶላት ደረሰ።»

«ባለፈውም ከዚሁ ነው የወሰዱት?»

«ታዲያስ? ምንጩን ጋዝ ገባበት አትንኩ ብላችኋል። የመጠጡን ውሃ አሮጊቷ ከሩቅ በጀርባዋ ነው የምታመጣው፤ ለመታጠቢያ ደግሞ አምጪ ልበላት? ያ አላህ፣ እሷስ ሰው አይደለች?» ከዚያ ቧንቧዋን በጣታቸው እየዳበሱ አሳዩኝ። «ደሞ እኮ በደንብ ነው የምዘጋው። ወላሂ ጠብ አይልም። እይው።»

እውነት ነው፣ ጠብ አይልም። ላለፉት ቀናት እንቅልፍ ያሳጣኝን ነገር ያደረጉት በጥንቃቄ፣ አጥብቀው እየዘጉ ነው። በእኛ አገር ውሃ ካለበት ቦታ አንድ ማንቆርቆሪያ መቅዳት ማንን ይጎዳል? ማን ፈቃድ ይጠይቃል? እኔም ብሆን ከተማሪ ቤት በፊት ይህን ማንም ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

አስቀመጥኳቸውና አስረዳኋቸው። «አባባ፣ እህል የተጠቀጠቀበት ስልቻ ያውቃሉ፤ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ከአፉ አንድ እፍኝ ቢወስዱለትስ?»

«ይላላል።»

«ይሄም እንደዚያው ነው። ውሃው ተጠቅጥቆ ነው ያለው። አንድ እፍኝ ሲወሰድለት ይላላል። እኛ የምናየው ይህን መላላቱን ነው። ሲላላ ጉድጓዱ ያፈሳል እንላለን። ያፈሳል ካልን ደግሞ…»

አልጨረስኩትም። ገብቷቸዋል። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። 

«እና… እኔው ነኝ?» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ውሃ ታጥቤ እኮ ነው ያ ጉድጓድ እንዲይዝ ጀሊሉን የምለምነው።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ታች ቤታቸውን አዩ፣ ላይ ግራሩ ሥር ያለውን በር አዩ። 

«አፉ በይኝ ልጄ። ልፋትሽን ገደል ሰደድኩት።»

«ማንም አልነገረዎትም አባባ። ገና መቼ ተያዘና! አብሽሩ» አልኳቸው። እዚያ አገር ብዙ ስሠራ አፌ ለምዶት ነበር። እሳቸውን አጽናናሁ እንጂ እኔ ራሴ እልህ ይዞኝ ነበር። አሁን ጉድጓዱ መያዙን አውቃለሁ። አውቃለሁ ማለት ግን ፊርማ አይሆንም።

መኪናው ሲመለስ አለቃችንን ለብቻው ወስጄ ነገርኩት። መጀመሪያ እስኪያስለው ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ነገ ጠዋት ሪጉ ይነሣል። ትእዛዝ መጥቷል።»

«ይነሣ። የእጅ ፓምፑና መለኪያው ይቅሩ።»

«አንቺስ?»

«እኔም እቀራለሁ። አንተም ትቀራለህ፣ የምትፈርመው አንተ ነህ።»

«ማን ነው አለቃው እዚህ?»

«አንተ ነህ። ለዚህ ነው የምትቀረው።»

ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩት። የሚጠብቀን ሌላ ሕዝብ ውሃ እንደሚፈልግ አውቃለሁ አልኩት፤ ግን ሪጉ ያለእኛ መሄድ ይችላል፣ ሹፌሮቹ መንገዱን ያውቁታል። እነዚህ ሰዎች ግን ባልፈሰሰ ጉድጓድ ቤታቸውን ካጡ ማታ ማታ እንዴት እንተኛለን አልኩት። ሚስቴ እንኳን እንዳንቺ አትነተርከኝም አለ። ግን ቀረ። ያን ሰው እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

ካድሬው ማታ መጥቶ ምን ተገኘ አለ። አለቃችን እኔን አየኝ።

«በላይኛዋ ቧንቧ በኩል ነው የወረደው። ደርሰንበታል። ነገ እሷን ጠብቀን እንደግማለን» አልኩ።

ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ሽማግሌው ለሶላት ቀድተው ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ግን በዚያን ጊዜ ሶላትና ጸሎት የሚሉ ቃላት ስብሰባ ላይ ከወጡ በምን ተተርጉመው እንደሚመለሱ አይታወቅም። የአባቴ የታፈነ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ካድሬው ነገ የመጨረሻ ነው፣ ማታ ራሴ መጥቼ አያለሁ ብሎ ሄደ።

በነጋታው ሪጉ አቧራውን አጭሶ ሄደ። አለቃችን፣ እኔና አንድ መኪና ቀረን። ግፊቱን ሞላን፣ ዘጋን፤ እኔም ኩቴክሴን አውጥቼ አዲስ መስመር አሰመርኩ። በዚህ ጊዜ የሚስቅ አልነበረም። ከኮምቦልቻ ለአባባ አንድ ጀሪካን ውሃ አስመጥቼላቸው ነበር። ጀሪካኑን ተሸክመው ራቅ ካለ ቁጥቋጦ ኋላ ወሰዱትና ዙሁርን እዚያ ታጥበው እዚያ ሰገዱ። ከዚያ ጀሪካናቸውን ይዘው መጥተው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከመክደኛው አጠገብ ተቀመጡ። ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ ያባርሩታል። እኛም ምሳ አልሄድንም።

ከሰዓት በኋላ ጠቋሚው ከቀዩ መስመር ላይ ነው። የአስር ሶላት ደረሰ፣ አባባ ሰገዱና ተመለሱ፤ አሁንም ከመስመሩ ላይ ነው። ፀሐይ ወደ ኮረብታው ማዘንበል ስትጀምር የካድሬው መኪና ድምፅ ተሰማ። ካሰበው ቀድሞ ነው የመጣው። መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶበት ራሱ ቀይሯል፤ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በግራሶና በአቧራ ጠቁሯል። ሰላም አለንና እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ወደ ትንሿ ቧንቧ ሄደ።

እኔ ከመኪናው ጋ ነበርኩ፣ ሩቅ ነኝ። ወደ እሱ ሮጥኩ፤ አልደርስም።

«ተው! እንዳትነካት!»

አባባ ናቸው። በካድሬውና በቧንቧዋ መሐል ቆመዋል፤ ዱላው እጃቸው ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ልጃቸው የሚሆነውን ያን ወጣት እርስዎ ሲሉት ነው የኖሩት። ካድሬው ባለበት ቆመ፣ ጥቁር እጆቹ አየር ላይ እንደተዘረጉ። አለቃችን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን አሉ?» አለ ካድሬው ቀስ ብሎ።

«ውሃ ለሰው ከልክዬ አላውቅም» አሉ አባባ። እግራቸው ካለበት አይንቀሳቀስም። «አባቴም ከልክሎ አያውቅም። ዛሬ ግን ከልክያለሁ። ይች ቧንቧ ፀሐይ እስክትገባ አትከፈትም። ወላሂ አትከፈትም።»

ካድሬው ወደ አለቃችን ዞረ። አለቃችን አንገቱን ነቀነቀና፣ አንድ እፍኝ ከወጣ ፍተሻው ከንቱ ይሆናል አለው።  አባባ ከዚያ ዱላቸውን አስቀመጡ። ጀሪካናቸውን አነሡ፤ የቀረቻቸው ለመግሪብ፣ ለማታው ሶላት፣ የሚታጠቡባት ውሃ ብቻ ናት።

«እጅዎን ይስጡኝ ልጄ» አሉት። አሸዋ አንሥተው በመዳፉ ላይ አደረጉለትና ግራሶው እስኪለቅ ውሃውን ቀስ እያደረጉ አፈሰሱለት። ጠብታ አላስቀሩም። ካድሬው ታጠበ። ሲጨርስ እጁን አራግፎ፣ እንደማንም ጎረምሳ ድንጋይ ላይ ሄዶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። አራታችንም ያችን ቀጭን ጠቋሚ ማየት ጀመርን።

ፀሐይ ገባች። አለቃችን ተነሥቶ መስታወቱን በጣቱ ቆርቆር አደረገው። ጠቋሚው ከቀዩ መስመር ላይ ነበር። ፀጉር የምታህል እንኳ አልራቀም።

«ይዟል» አለ።

ካድሬው ጠጋ ብሎ አየና፣ «ይህቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?» አለ።

«ኩቴክስ ናት» አልኩት።

ፈገግ አለ። አለቃችን ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ፈረመ፤ ካድሬውም ከሥሩ ፈረመ። አባባ ግን ፊርማውን አላዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር፤ ማየት ፈርተው ነው።

«አባባ፣ ይዟል» አልኳቸው። «አሁን የታመቀው ውሃ መለቀቅ አለበት። ይምጡ፣ እርስዎ ይክፈቷት።»

«ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማንቆርቆሪያዎን ያምጡ።»

አመጡ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ከፈቱ። ውሃው ተፈትልኮ ወጥቶ የአለቃችንን ሱሪና የካድሬውን ጫማ አረጠበው። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ከፊት ጥርስ የላቸውም ነበር። ውሃው ሲረጋጋ ማንቆርቆሪያውን ጢም አድርገው ሞሉት። ሳይቸኩሉ ታጠቡ፣ እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን። ከዚያ እዚያው መክደኛው አጠገብ፣ በእኛ ሁሉ ፊት፣ ድምፃቸውን ሳይደብቁ ሰገዱ። ካድሬው ወደ ኮረብታው ዞሮ ቆየ። 

ሰግደው እንደጨረሱ እማማ ከግራሩ ሥር በሩን ብቻቸውን እየጎተቱ ሲመጡ አየናቸው።

«ኧረ ዱዓው ይበቃል! ይሄን ሳንቃ ይያዙልኝ እንጂ!» አሉ።

አባባና አለቃችን በሩን ከፊትና ከኋላ ተሸከሙት። እኔ ኩራዝ አብርቼ፣ ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ፣ ፊት ፊት ሄድኩ። በየእርምጃው ነበልባሉን አያለሁ። በማሽላው መሐል ወረድን፤ እታች፣ እሳት እምቢ ያለበት ደጃፍ ድረስ ደረስን፤ ኩራዙ ይነዳል። የበሩ እግር የሚገባበት ጉድጓድ አፈር ሞልቶት ነበር። አባባ በጣታቸው ጠረጉትና ከማንቆርቆሪያው የተረፈችውን ውሃ አፍስሰው አጠቡት። በሩን አነሣን፣ ከላይ አስገባን፣ ከታች አስገባን። ዞረ።

እማማ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት። እኛ ውጭ ቆመን ተያየን። ወዲያው መልሰው ከፈቱትና «ምን ትገተራላችሁ? ግቡ እንጂ!» አሉን።